ማዳም ኩሪና የጦር ሜዳው የራጅ ሴቶች

ስለ ማዳም ኩሪ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚነገረው የራዲየም ታሪክ ነው። ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ቆመው፣ ቁመታቸውን በሚያህል የብረት ዘንግ የፈላ ማዕድን ሲያማስሉ የሚያሳየውን ታሪክ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማያውቅ ባልደረባ በመካከላችን አለ ብዬ አልገምትም። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ እኒህ ሴት ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝም መጀመሪያ የታወሰኝ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ የሕይወታቸውን ታሪክ መለስ ብዬ ስመረምር፣ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው አንደኛው የዓለም ጦርነት የተካሄደባቸው ከ1914 እስከ 1918 ያሉት ዓመታት ሆኖ አገኘሁት። በእነዚያ ዓመታት ማዳም ኩሪ አንድም አዲስ ንጥረ ነገር አላገኙም። የሠሩት ሌላ ሥራ ነው። ቁጥራቸው ወደ 150 ለሚደርስ ሴቶች፣ ከዚያ በፊት ሴት ትይዘዋለች ተብሎ ያልታሰበ ሙያ አስተማሩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

ማሪያ ስክሎዶቭስካ የተወለዱት በኅዳር ወር 1867 በዋርሶ ከተማ ነው። ፖላንድ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ስለነበረች በትምህርት ቤት የፖላንድ ቋንቋ ተጨቁኖ ነበር፤ የዋርሶ ዩኒቨርሲቲም ለሴቶች ዝግ ነበር። ስለዚህ ከእኅታቸው ከብሮንያ ጋር ተዋዋሉ። ማሪያ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነው እየሠሩ ብሮንያ በፓሪስ ሕክምና እንድትማር ገንዘብ ይልካሉ፤ እርስዋም በተራዋ ትረዳቸዋለች። ውሉ ተፈጸመ፤ የማሪያ ተራ የደረሰው ግን ከዓመታት በኋላ በ1891 ነው። በሶርቦን በፊዚክስ ትምህርት በ1893 ከጓደኞቻቸው አንደኛ፣ በሂሳብ ደግሞ በ1894 ሁለተኛ ሆነው ተመረቁ። በ1895 ፒዬር ኩሪን አገቡ፤ በ1898 ባልና ሚስቱ ፖሎኒየምንና ራዲየምን ለዓለም አስታወቁ፤ በ1903 ከአንሪ ቤክሬል ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በ1906 ፒዬር በፓሪስ ጎዳና ላይ በፈረስ የሚጎተት የጭነት ጋሪ ሄዶባቸው ሞቱ። ማዳም ኩሪ የባላቸውን ትምህርት ካቆሙበት ቀጥለው በማስተማር፣ በሶርቦን መምህር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

የ1911 ነገር ግን ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ማዳም ኩሪን በአባልነት ለመቀበል ድምፅ ሰጥቶ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ሳይቀበላቸው ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ጋዜጦች የግል ሕይወታቸውን አደባባይ አውጥተው የባዕድ አገር ሴት እያሉ ሲያብጠለጥሏቸው፣ ሁለተኛው የኖቤል ሽልማት በዚያው ወቅት ደረሳቸው። እንግዲህ ከሦስት ዓመት በኋላ ማዳም ኩሪ ያገለገሉት ይህችኑ ፈረንሳይን ነው።

በ1914 በጋ በስማቸው የተሠራው የራዲየም ኢንስቲቲዩት ሕንፃ ተጠናቆ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ጀርመን በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ የፈረንሳይ ወንዶች ለጦርነቱ ተጠሩ። የኢንስቲቲዩቱም ሠራተኞች ዘመቱ፤ ከማዳም ኩሪ ጋር የቀሩት አንድ የልብ ሕመምተኛ መካኒክና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነበሩ። የጀርመን ሠራዊት ወደ ፓሪስ ሲቃረብ መንግሥቱ ወደ ቦርዶ ሸሸ። ማዳም ኩሪም አገሪቱ የነበራትን አንድ ግራም ራዲየም በእርሳስ በተለበጠ ከባድ ሣጥን አድርገው፣ ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር በባቡር ተጨናንቀው ቦርዶ አደረሱት። ሣጥኑን በባንክ አስቀምጠው በማግስቱ ወደ ፓሪስ ተመለሱ። ሁሉም ከከተማዪቱ ሲወጣ እርሳቸው ወደ ከተማዪቱ ሲሄዱ ያየ ሰው መገረሙ አልቀረም። የኖቤል ሜዳሊያዎቻቸውም ቀልጠው ለአገሪቱ ወርቅ እንዲሆኑ አቅርበው ነበር፤ ባንኩ አልቀበልም አለ። የሽልማቱን ገንዘብ ግን ለጦርነቱ ብድር አዋሉት፤ ያም ገንዘብ ዋጋውን እያጣ ቀለጠ።

ራጅ በዚያን ጊዜ አዲስ ግኝት አልነበረም። ሮንትገን ካገኙት 19 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በትላልቅ ከተሞች ሆስፒታሎችም ይሠራበት ነበር። በጦሩ ሕክምና ክፍል ግን የነበረው መሣሪያ በጣት የሚቆጠር ነበር። በጦር ግንባር ያለው ሐኪም በመድፍ ፍንጣሪ የተመታውን ወታደር ሥጋ የሚፈትሸው በጣቱና በመርፌ ነው። ፍንጣሪው የወታደሩን ልብስና የእርሻውን ጭቃ ይዞ ስለሚገባ፣ ሳይወጣ የቀረ እንደሆነ ቁስሉ ይመረቅዛል። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘምና ተከትሎ የሚመጣው እግር ወይም እጅ መቁረጥ፣ አለዚያም ሞት ነው። የተሰበረው አጥንት እንዴት እንደተሰበረና ብረቱ በስንት ጣት ጥልቀት እንደሚገኝ ሊያሳይ የሚችል መሣሪያ በዓለም ላይ እያለ፣ ቁስለኛው ባለበት ሥፍራ ግን አልነበረም።

ማዳም ኩሪ ስለ ኤክስ ጨረር በሶርቦን ያስተማሩ ቢሆንም በራጅ ሕክምና ሠርተው አያውቁም ነበር። በ47 ዓመት ዕድሜያቸው የሰውነት አካላትን ትምህርት ከመጽሐፍ ማጥናት ጀመሩ። የቀይ መስቀል የራጅ አገልግሎት ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ መኪና ያላቸውን ሀብታም ሴቶች እየዞሩ ለመኑ፤ ከጦርነቱ በኋላ እመልስላችኋለሁ እያሉ ወሰዱ። መኪናው ውስጥ የራጅ ቱቦ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የፎቶግራፍ ዕቃና መጋረጃ ይጫናል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው በመኪናው ሞተር የሚዞር ዲናሞ ነው። የመጀመሪያዪቱ መኪና በ1914 በኅዳር መጀመሪያ ወደ ግንባር ተነሣች። ወታደሮቹ እነዚህን መኪናዎች «ትንንሾቹ ኩሪዎች» ብለው ሰየሟቸው።

ሥራው ምን ይመስል እንደነበረ ለባልደረቦቼ ጥቂት ልዘርዝር። መኪናዋ ከመስክ ሆስፒታሉ ደጃፍ እንደደረሰች ሽቦው ከዲናሞው ተነሥቶ በመስኮት ወደ ውስጥ ይዘረጋል። የክፍሉ መስኮቶች በጥቁር መጋረጃ ይሸፈናሉ፤ ጠረጴዛው ይተከላል፤ ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሁሉ ነገር ይሰናዳል። ከዚያም ቁስለኞቹ ተራ በተራ ይገባሉ። አንዱ በስክሪን ይታያል፤ ለሌላው ፎቶግራፍ ይነሣለታል። የብረቱን ጥልቀት ለማወቅ ቱቦው ከነበረበት ጥቂት ፈቀቅ ተደርጎ ሁለተኛ ሥዕል ይወሰድና ከሁለቱ ጥላዎች ርቀት በጂኦሜትሪ ይሰላል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ እዚያው ጨረሩ ሥር ሆኖ፣ መቆንጠጫው ወደ ብረቱ ሲቃረብ በስክሪን እያየ ይቀዳል። ይህ ሁሉ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። ሲያልቅ ዕቃው ተጠቅልሎ ይጫንና መኪናዋ ወደ ሌላ ሆስፒታል ትሄዳለች።

ለሴት ወደ ጦር ቀጠና መግባት ራሱ ፈተና ነበር። የጦር ሹማምንቱ የይለፍ ወረቀት ለመስጠት ያንገራግሩ ነበር፤ በየኬላው የሚቆሙ ዘበኞችም እንዲሁ። ማዳም ኩሪ ሾፌር የጠፋ እንደሆነ እንዳይቸገሩ መንዳት ተማሩ፤ በ1916 መንጃ ፈቃድ አወጡ። ጎማ ይቀይራሉ፤ የቆሸሸ ካርቡራተር ያጸዳሉ። በ1915 በሚያዝያ ከአንድ ሆስፒታል ሲመለሱ መኪናዪቱ ቦይ ውስጥ ተገልብጣ ሣጥኖቹ ወድቀውባቸው ነበር፤ የደረሰባቸውን ጉዳት ለቤተሰባቸው ሳይናገሩ ቀሩ። እንዲህ ያሉ መኪናዎች 20 ያህል፣ ቋሚ የራጅ ክፍሎች ደግሞ 200 ያህል በእርሳቸው ጥረት ተቋቋሙ።

በመጀመሪያዪቱ ጉዞ አብራቸው የነበረችው የ17 ዓመት ልጃቸው ኢሬን ናት። ኢሬን በሶርቦን ትምህርቷን ሳታቋርጥ የአስታማሚነት ምስክር ወረቀት አወጣች፤ ዓመት ሳይሞላም እናትዋ በቤልጅግ ጦር ግንባር፣ ሆግስታድ በሚባል ሥፍራ የራጅ ክፍል ኃላፊ አድርገው ብቻዋን ተዉዋት። 18ኛ የልደት ቀንዋን ያከበረችው በቁስለኞች መካከል ነው። እዚያ የነበረው ወታደራዊ ሐኪም ልጅቱ በስሌት ብረቱ ያለው እዚህ ነው ብላ ያመለከተችውን ትቶ፣ ጥይቱ በገባበት በኩል እየቆፈረ ይፈልግ ነበር። ደጋግሞ ካልተሳካለት በኋላ ነው እርስዋ ያሳየችውን ቦታ የሞከረው፤ ብረቱም እዚያው ተገኘ። ይህን ታሪክ በሥራ ላይ የቆየ የራጅ ባለሙያ ሁሉ ፈገግ ሳይል የሚያነበው አይመስለኝም። ዕድሜና ማዕረግ በጨመሩበት ሰው ፊት ማስረጃን ይዞ መቆም ከባድ ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል።

መኪናው እየበዛ ሲሄድ ግን ያልታሰበ ችግር ተፈጠረ። መሣሪያው አለ፤ የሚያንቀሳቅሰው እጅ የለም። የሠለጠኑት ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱንም ጦሩ ለሌላ ይፈልጋቸዋል። እዚህ ላይ አንድ የራሴን ትዝታ ጣል ባደርግ ይፈቀድልኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ የራጅ መሣሪያ በሸራ ተሸፍኖ አገኘሁ። ብልሽት አልነበረበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ የቆመው የሚያሠራው ሰው ሳይቀጠር በመቅረቱ ነበር፤ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችም በዚያው በር ፊት ለፊት በቃሬዛ እያለፉ ወደ ሌላ ከተማ ይላኩ ነበር። ሸራውን ስገልጥ የተሰማኝን ኀዘን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ የማዳም ኩሪን የጦርነት ሥራ ስመዝን ከመኪናዎቹ ይልቅ የሚከብድብኝ ቀጥሎ የምተርከው ነው።

ጦርነቱ በፈረንሳይ ሴቶችን ወደ ሥራ ያስወጣው ገና ከመነሻው ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቪቪያኒ መንግሥት በነሐሴ 1914 ለገበሬ ሴቶች ጥሪ አድርጎ፣ ወንዶቹ ትተውት የሄዱትን አዝመራ እንዲሰበስቡ ጠየቀ። ቆይቶም ሴቶች የከተማ ባቡር ትኬት ቆራጭ፣ ፖስታ አዳይ፣ የባንክ ጸሐፊ ሆኑ፤ በጦርነቱ ማብቂያ በጦር መሣሪያና በጥይት ፋብሪካዎች ብቻ 400,000 ያህል ሴቶች ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሥራ የተሰጣቸው በአደራ እንደተቀመጠ ዕቃ ነበር፤ ባለቤቱ ሲመለስ ይመለሳል። ፋብሪካው ለሴቲቱ አንድ ማንሻ ወይም አንድ መቁረጫ ያሳያታል እንጂ ሙያውን አያስተምራትም። የማዳም ኩሪ ትምህርት ቤት የሚለየው በዚህ ነው።

ትምህርቱ የተጀመረው በ1916 ሲሆን፣ የተያያዘውም በኤዲት ካቬል ስም ከተሰየመው የፓሪስ ሆስፒታል ጋር ነበር። ኤዲት ካቬል ጀርመኖች በ1915 በብራስልስ የረሸኗት እንግሊዛዊት ነርስ ናት። የሆስፒታሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኒኮል ዢራር ማንዤን ሲሆኑ፣ እርሳቸው ወደ ጦሩ የተጠሩት የወንድ ሐኪም ስም መስሎ በስህተት ነበር። ሴት መሆናቸው ከታወቀ በኋላም አልመለስም ብለው በቬርደን ግንባር አገለገሉ። አንድ የጸሐፊ ስህተት ካልሆነ በቀር ሴት ሐኪም የማይጠራ ሠራዊት እንደነበረ ልብ ይሏል።

ተማሪዎቹ ከየዓይነቱ ነበሩ። ከፍተኛ ትምህርት የቀመሱ አሉ፤ በሰው ቤት ተቀጥረው ሲያገለግሉ የነበሩም አሉ። ማዳም ኩሪ፣ ኢሬንና ረዳታቸው ማርት ክላይን በስድስት ሳምንት ገደማ የኤሌክትሪክን ጠባይ፣ የጨረሩን ምንነት፣ የሰውነት አካላትን አቀማመጥ፣ የፎቶግራፍ ማጠብን ሥራና የመሣሪያውን አያያዝ ያስተምሩ ነበር። የማዳም ኩሪ እምነት ግልጽ ነበር፤ መጠነኛ ትምህርት ያላት ሴት ምክንያቱን አውቃ እንድትሠራ ከተደረገች ጥሩ የራጅ ሠራተኛ ትሆናለች። ስለዚህም ቁልፍ መጫን ብቻ አልነበረም የሚያሳዩዋቸው። ሽቦው ቢበጠስ የት እንደሚፈለግ፣ ቱቦው ጠባዩን ሲለውጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሥዕሉ ለምን እንደደበዘዘ ያስረዱ ነበር። በዋርሶ የሰው ልጆች ሲያስተምሩ የቆዩት፣ በራሳቸው ገንዘብ ሌላዪቱን አስተምረው ተራቸውን የጠበቁት ማሪያ እዚህ ላይ የሚታዩ ይመስለኛል። የቤት ሠራተኛዪቱ መማር አትችልም የሚል ሐሳብ በልባቸው አልነበረም።

ስድስት ሳምንት ለሙያ ይበቃል ወይ? ይህን ጥያቄ የዛሬ ባልደረባ መጠየቁ ተገቢ ነው። ለመሣሪያው አያያዝ በቅቷል፤ የጦርነቱ ማስረጃ ይህን ያሳያል። በእነዚህ መኪናዎችና ክፍሎች የተመረመሩት ቁስለኞች ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል። ያልበቃው ራስን ለመጠበቅ ነው። ጨረሩ ቆዳን እንደሚያቃጥልና እንደሚገድል በ1914 የታወቀ ነበር፤ ራጅ በተገኘ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣቶቻቸውን ያጡና የሞቱ ባለሙያዎች ነበሩ። ለሴቶቹ ጓንትና የእርሳስ መከላከያ ይሰጥ ነበር፤ ይሁንና ቁስለኛ በተሰለፈበት ሌሊት መከላከያው ሁሉ ይዘነጋል። የዛሬው የጨረር መለኪያ በደረታቸው ላይ አልነበረም። ማዳም ኩሪ ራሳቸውም ቸልተኛ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው በራዲየም ተቃጥለው ሻክረው ሳለ አደጋውን ያቃልሉት ነበር። አስተማሪ ራሱን ሲያቃልል ተማሪው እንደሚከተለው ያውቁ ነበርና ይህን ጉድለት ላልፍላቸው አልችልም። በዚያው ወራት ከቦርዶ ከተመለሰው ራዲየም የሚወጣውን ጋዝ፣ ማለትም ራዶንን፣ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦ እያሸጉ ለሆስፒታሎች ሲልኩም በመጀመሪያ ብቻቸውን ይሠሩ ነበር።

በኅዳር 11 ቀን 1918 የተኩስ ማቆሙ ሲታወጅ ማዳም ኩሪና ማርት ክላይን ባንዲራ ሊገዙ ወጥተው አጡ። ጨርቅ ገዝተው ራሳቸው ሰፍተው በኢንስቲቲዩቱ መስኮት ሰቀሉ፤ ከዚያም ያንኑ የራጅ መኪና ይዘው በሕዝብ በተጥለቀለቀው ጎዳና ነዱ። ሰዎች በጣሪያውና በመከላከያው ላይ እየወጡ ተጫኑበት። ለእርሳቸው ደስታው እጥፍ ነበር፤ ፖላንድም ነፃ ወጣች።

የጦር መሣሪያ ሚኒስትሩ ሉዊ ሉሼር በሁለተኛው ቀን ለፋብሪካ ሴቶች የተላለፈ መልእክት አወጡ። ወደ ቤታቸው ወይም ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንዲመለሱ ጠየቁ፤ እስከ ታኅሣሥ 5 ድረስ ሥራቸውን ለሚለቁም የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። አደራው ተመለሰ። በ1922 የፈረንሳይ ሴኔት ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠውን ሕግ ጣለው፤ ያ መብት የተገኘው በ1944፣ ሌላ ጦርነት ካለፈ በኋላ ነው። ኢሬን በ1935 ከባልዋ ከፍሬዴሪክ ዦሊዮ ጋር የኖቤልን ሽልማት አገኘች። በማግስቱ ዓመት የሳይንስ ምርምር ምክትል ሚኒስትር ሆና ስትሾምም ድምፅ መስጠት የማይፈቀድላት ዜጋ ነበረች።

የራጅ ትምህርቱ ግን በተኩስ ማቆሙ አልተዘጋም። በ1919 ጸደይ ወደ አገራቸው መመለሻ መርከብ ይጠብቁ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሳይቀሩ በራዲየም ኢንስቲቲዩት ተቀምጠው ተማሩ። ለኢሬን ስለ ጦርነት አገልግሎትዋ ሜዳይ ተሰጣት። ለእናትዋ የፈረንሳይ መንግሥት በዚህ ሥራ ምንም አልሰጠም። ማዳም ኩሪ በ1921 ስለ ጦርነቱ የራጅ ሕክምና ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥም እኔ አደረግሁ የሚል ቃል ማግኘት ያስቸግራል፤ አንባቢው መኪናዎቹ ራሳቸው የተፈጠሩ፣ ሴቶቹም ራሳቸው የሠለጠኑ ሊመስለው ይችላል። ኢንስቲቲዩታቸው ለምርምር ራዲየም ሲያጣ የደረሱላቸው የአሜሪካ ሴቶች ናቸው፤ 100,000 ዶላር አዋጥተው የገዙትን አንድ ግራም በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ አስረከቧቸው።

ከዚያ በኋላ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ደጋግሞ ተቀደደ፤ ጆሮአቸው ይጮኽ፣ ሰውነታቸው ይደክም ጀመር። በሐምሌ 4 ቀን 1934 በሳንሴልሞዝ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ አረፉ። ምክንያቱ መቅኒ ደም ማምረት ሲሳነው የሚመጣው የደም ማነስ ነበር። ኢሬንም በ1956 በደም ካንሰር ሞተች።

የማዳም ኩሪ ሞት ለብዙ ዘመን የራዲየም ሥራቸው ውጤት ተደርጎ ሲነገር ቆየ። በ1995 ፈረንሳይ አስከሬናቸውን ወደ ፓንቴዎን አዛውራ፣ በራሳቸው ሥራ እዚያ ያረፉ የመጀመሪያዋ ሴት አደረገቻቸው። መቃብሩ በተከፈተ ጊዜ የጨረር ጥበቃ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው ቀረቡ። በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የተለካው የራዲየም ጨረር ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ሆነ። ባለሙያዎቹም ለበሽታው ይበልጥ ምክንያት ሊሆን የሚችለው ራዲየም ሳይሆን፣ በጦርነቱ ዓመታት ያለ በቂ መከላከያ በራጅ ቱቦ አጠገብ የቆሙበት ጊዜ ነው ወደሚል አስተያየት አዘነበሉ።